«ሥላሴ» ውስጥ «አንድ» የት አለ? (ርዕሱ ታርሟል)

አዲስ_ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከራሴ አልወጣ ብሎ ሦስት ቀን ሆነኝ። (ሦስት ያልኩት ለነገሩ እንዲስማማ አይደለም፤ ቆጥሬ ነው።)

አንድ ሰባኪ «ትሪኒቲ የሚለው የፈረንጅ ቃል ትሪ እና ዩኒቲ ተጋጥመው የወጣ ነው፤ ሦስት-አንድነት ማለት ነው» ሲል ሰማሁ። በጣም ደስ አለኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይም ጻፍኩት። ቤት ስገባ ግን የኛው ቃል ትዝ አለኝ። ስላሴ። እዚህ ውስጥ ሦስት ይታየኛል፤ ከሠላሳ፣ ከሣልስ ጋር ይመሳሰላል። አንድ የሚለው ግን የቱ ጋ ነው? አገላብጬ አጣሁት።

ግዕዝ የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳኝ። ክርክር አልፈልግም። የምጠይቀው ስለ ቃሉ ነው።

ከርሞ_ጥጃ

«ክርክር አልፈልግም» ብሎ በዚህ ርዕስ የጀመረ ሰው አየሁ። በርታ ወንድሜ። ወንበሬን ስቤ ተቀምጫለሁ።

ብራና

አጭሩ መልስ፦ የለም። ስላጣኸው አትደንግጥ፤ ቃሉ ውስጥ ያለው ሦስት ብቻ ነው።

ሥላሴ የሚወጣው «ሠለሰ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። ሦስት አደረገ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሠራ ማለት ነው። ግሱ ዛሬም አልሞተም። «ደግሜ ሠልሼ ነገርኩት» ትል የለ? ደገመ ሁለተኛው ነው፣ ሠለሰ ሦስተኛው። ስንቱ ሰው በየቀኑ እየተናገረው ከሥላሴ ጋር ዘመድ መሆኑን ልብ አይለውም።

አሁን ቅርጹን እይ። ቀደሰ ካለ ቅዳሴ። ወደሰ ካለ ውዳሴ። ሠለሰ ካለ ሥላሴ። እስቲ ሦስቱንም ጮክ ብለህ በላቸው። መካከለኛው ፊደል ሁሉም ላይ ይጠብቃል፣ መጨረሻቸውም አንድ ነው። በአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። ቅዳሴ መቀደስ፣ ውዳሴ መወደስ፣ ሥላሴም ሦስት መሆን፣ ሦስትነት። ሱባኤን ጨምርበት፤ እሱም ከቁጥር የተወለደ ነው፣ ከሰባት።

አንድነቱ ታዲያ የት ገባ? ቃሉ አጠገብ ቆሟል። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ተብሎ እዚያ ላይ አይቆምም። «አሐዱ አምላክ» ይከተላል። ሦስቱን ከቆጠሩ በኋላ ወዲያው አንድ ይላሉ። ሥራው ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው።

ሌላም አለኝ። ርዕሱ ላይ «ስላሴ» ብለህ በእሳቱ ሰ ጽፈሃል። ንጉሡ ሠ ነው፤ አርመው። ምክንያቱን ማታ እጽፋለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

አዲስ_ተማሪ

ርዕሱን አርሜዋለሁ፤ አመሰግናለሁ። «ሠልሼ» የሚለው ገረመኝ። እናቴ ስንት ጊዜ ብላኛለች።

የሰባኪው ትሪኒቲስ? እሱስ ልክ ነው?

ተርጓሚዋ

ልክ አይደለም፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሕተት ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የእንግሊዝኛው ቃል የመጣው ከላቲኑ «ትሪኒታስ» ነው። እሱ ደግሞ «ትሪኑስ» ከሚል ቅጽል ይወጣል፤ ሦስት እጥፍ፣ ሦስት ሦስት እንደማለት። «ታስ» የሚለው ጭራ የኛው «ነት» ነው። ስለዚህ ትሪኒታስ ቃል በቃል ሦስትነት ይሆናል። ከዩኒቲ ጋር የሚያመሳስለው እሱም በዚያው ጭራ ማለቁ ነው። ሦስትነት እና አንድነት ሁለቱም በ«ነት» ስላለቁ «ሦስትነት ውስጥ አንድነት ተደብቋል» ብትለኝ ትስቅብኛለህ። እንደዚያ ነው።

ቃሉን በላቲን ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የምናገኘው የካርታጎው ጠርጡሊያኖስ ዘንድ ነው፣ በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ። «አንድ ባሕርይ፣ ሦስት አካላት» የሚለውን አባባል በላቲን ያስለመደውም እሱ ነው።

ግሪኩ ግን ይቀድማል። «ትሪያስ» ይላል። ይህ ቃል መጀመሪያ ምንም ሃይማኖት አልነበረበትም። የሦስት ነገሮች ስብስብ ማለት ነው፤ የቁጥር ሰዎችና ፈላስፎች ይጠቀሙበት ነበር። ለእግዚአብሔር ውሎ የምናገኘው እ.ኤ.አ. በ180 አካባቢ በጻፈው በአንጾኪያው ቴዎፍሎስ ነው። አገባቡ ደስ ይላል። ስለ ሥነ ፍጥረት እያብራራ አራተኛው ቀን ላይ ይደርሳል። ፀሐይና ጨረቃ የተፈጠሩት በአራተኛው ቀን ነው። ከእነሱ በፊት ያለፉት ሦስት ቀኖች የትሪያስ ምሳሌ ናቸው ይላል፤ የእግዚአብሔር፣ የቃሉና የጥበቡ።

አስተውሉ፤ «አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ» አላለም። እግዚአብሔር፣ ቃሉ፣ ጥበቡ ነው ያለው። ቃሉ ሲጀመር ገና እየተለካ የነበረ ልብስ ይመስላል።

አንድነቱን ቃሉ ውስጥ ማስገባት የቻለ ቋንቋም አለ። ጀርመኖች «ድራይአይኒግካይት» ይላሉ። ድራይ ሦስት፣ አይን አንድ። የሰባኪው ትርጉም ለጀርመንኛው ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር።

ከርሞ_ጥጃ

ሰባኪው ጀርመንኛ ይማር እንግዲህ።

ቃሉን_ብቻ

ሰላም ቅዱሳን። ሥላሴን አምናለሁ፤ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቃሉ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ትምህርቱ ግን አለ። 1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ በሰማይ የሚመሰክሩት ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም አንድ ናቸው ይላል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ተርጓሚዋ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ልክ ነው፤ ቃሉ የለም። በሁለተኛው ላይ ግን ተጠንቀቅ። ያ ዐረፍተ ነገር በጥንታዊዎቹ የግሪክ ብራናዎች ውስጥ የለም። የመጣው በላቲን በኩል ነው። ኤራስመስ የግሪኩን አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1516ና በ1519 ሲያሳትም አላስገባውም። ወቀሳ በዛበትና በ1522ቱ እትም ጨመረው። ከዚያ ወዲያ ነው በብዙ ትርጉሞች የተሠራጨው። ይህን ስልህ ትምህርቱን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ምሰሶውን እዚህ ጥቅስ ላይ አትትከል ነው የምልህ።

የተሻለውን ልጠቁምህ። ማቴዎስ 28፥19። ሦስቱን ይጠራና «በስም» ይላል እንጂ «በስሞች» አይልም። ግሪኩም ነጠላ ነው፤ ግዕዙም «በስመ» ነው።

ቃሉን_ብቻ

ይሄን አላውቅም ነበር። እሺ፣ ተቀብያለሁ። በስም የሚለውን ግን አሁን ነው ያየሁት፤ ስንት ዘመን ሳነበው።

ዕዝል

እኔም የምጨምረው አለኝ። ተርጓሚዋ «በስመ» ነጠላ ነው ያለችው መልካም ነው። ግን ጠዋት ስንነሣ የምንለውን አስታውሱ፦ «አአትብ ወእትነሣእ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ካልን በኋላ «ሠለስተ አስማተ ነሢእየ እትመረጐዝ» እንላለን። ሦስቱን ስሞች ይዤ እመረኮዛለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ «በስመ» አለ፣ ነጠላ። ቀጥሎ «አስማተ» አለ፣ ብዙ። በሁለት መሥመር ውስጥ አንዱንም ሦስቱንም ብሎ አለፈ። «እትመረጐዝ» ደግሞ ያው ምርኩዝ ነው፣ የሽማግሌ ዱላ። ልጅ ሆኜ ይህን ሳልሰማ ስንት ጊዜ አነበነብኩት!

ሌላ የሚገርም ነገር። ጸሎተ ሃይማኖትን ከ«ነአምን በአሐዱ አምላክ» ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው በሉት። ሥላሴ የሚል ቃል የለበትም። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ፣ በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ቃሉን ሳያነሡ ነው ትምህርቱን የቋጩት። ስለ ወልድ የጻፉት «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» ነው፤ በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል። ስለዚህ «ቃሉ የለም፣ ትምህርቱ የለም» ለሚል ሰው መልሱ እዚያው አለ።

አዲስ_ተማሪ

አመሰግናለሁ መምህር። እንግዲህ «አንድ ባሕርይ ሦስት አካል» ሲባል ነው የሚጠፋብኝ። አካል እኮ እጅና እግር ነው። ሦስት አካል ሲሉኝ ሦስት ሰውነት ነው የሚመጣብኝ።

ዕዝል

መምህር አትበለኝ፤ ተማሪ ነኝ። ጥያቄህ ግን ትልቅ ነው። አንተን ብቻ አይደለም ያሰናከለው።

በዚህ ትምህርት ውስጥ አካል ማለት ሥጋና አጥንት አይደለም። «እኔ» ብሎ ራሱን ችሎ የሚቆመው ማን? ለሚለው መልስ ነው። ባሕርይ ደግሞ ምን? ለሚለው። ማን ሲባል ሦስት፣ ምን ሲባል አንድ። የዛሬው አማርኛ አካልን ለሰውነት ስለሰጠው ነው ጆሯችን የሚያሳስተን።

በትምህርቱ ሦስትነቱ በስም፣ በአካል፣ በግብር ነው። ስሙን ታውቃለህ። ግብሩ፦ አብ ወላዲ አሥራጺ (የሚወልድ፣ የሚያሠርጽ)፣ ወልድ ተወላዲ (የሚወለድ)፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ (ከአብ የሚወጣ)። አንድነቱ ደግሞ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በህልውና፣ በፈቃድ ነው። ህልውናውን ለማስረዳት የልብ፣ የቃልና የእስትንፋስ ምሳሌ ይሰጣል። አብ ልብ ነው፣ ወልድ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ። በአብ ልብነት ያስባሉ፣ በወልድ ቃልነት ይናገራሉ፣ በመንፈስ ቅዱስ እስትንፋስነት ሕያዋን ሆነው ይኖራሉ። ሦስት ልብ፣ ሦስት ቃል የለም።

ሁለቱ ቃላት እየተጠባበቁ ነው የሚሄዱት። አካል የሚለውን ብትጥል ከሰባልዮስ ጋር ትገናኛለህ፤ አንዱ ራሱ ስሙን እየቀያየረ ይመጣል ባዩ። ባሕርይ የሚለውን ብትጥል ሦስት አማልክት ቆጥረህ ትገኛለህ።

ተርጓሚዋ

ላቲኖቹም ያው ጣጣ ነበረባቸው። «ፐርሶና» ያሉት ቃል ከትያትር ጋር የተያያዘ ነው፤ ተዋናይ ፊቱ ላይ የሚያጠልቀው ጭምብል። ግሪኩ «ፕሮሶፖን»ም ፊት ማለት ነው። ግሪኮቹ ጭምብል ጭምብል ሸተታቸውና «ሂፖስታሲስ» የሚለውን መረጡ፤ ራሱን ችሎ የሚቆም ማለት ነው። ግዕዝም ሁለቱም አሉት፦ ገጽ እና አካል። ገጽ ፊት ነው፤ ዛሬ የመጽሐፍ ገጽ የምንለው ራሱ። ቅዱስ አውግስጢኖስ እንኳ «ሦስት ፐርሶና የምንለው ነገሩን ስለገለጸው ሳይሆን ዝም እንዳንል ነው» የሚል ሐሳብ አለው። እኔ ለተርጓሚ የሚሆን ጸሎት አድርጌ ነው የያዝኩት።

ሂላል_7

ሰላም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በእምነቱ አንስማማም፣ እሱን እናቆየው። የቃል ነገር ስለምወድ ነው የገባሁት።

በዐረብኛ ክርስቲያኖች «ሳሉስ» ይሉታል። ሥሩ ከናንተው ቃል ሥር ጋር አንድ ነው። ሦስት ደግሞ በዐረብኛ «ሰላሳ» ነው፣ ሰ-ውን ምላስን በጥርስ መሐል አድርጎ። ዐረብኛ ስጀምር የኛው ሠላሳ እየመሰለኝ ተቸግሬያለሁ።

ከርሞ_ጥጃ

ሦስት ያዘዘ ሰው ሠላሳ ቢመጣለት ጥፋቱ የማን ነው?

ሂላል_7

የአስተማሪው።

ሌላም አለኝ። ዐረብኛው «ተውሒድ» እና የናንተ «ተዋሕዶ» ከአንድ ሥር ናቸው አይደል? ዋሒድ፣ አሐድ፣ አሐዱ። እኛ እግዚአብሔር አንድ ነው ለማለት የምንጠቀምበትን ሥር እናንተ ሦስቱ አንድ መሆናቸውን ለመግለጽ ወሰዳችሁት ማለት ነው?

ዕዝል

ሥሩን በትክክል አገኘኸው፤ አንድ ናቸው። አገልግሎቱ ላይ ግን ብዙ ክርስቲያንም የሚሳሳተውን ነው የተሳሳትከው። ተዋሕዶ ስለ ሥላሴ የተባለ አይደለም። ስለ ክርስቶስ ነው። መለኮትና ትስብእት (ሰው መሆን)፣ ያለ መለየትና ያለ መቀላቀል አንድ ሆኑ ለማለት። በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ በትምህርቱ ምሰሶዎች ብትሄድ ተዋሕዶ ያለው ምሥጢረ ሥጋዌ (አምላክ ሰው የመሆኑ ምሥጢር) ላይ ነው፣ ሁለተኛው ዐምድ። ሥላሴ የመጀመሪያው ነው። ሦስቱ አካላት «ተዋሐዱ» አይባልም። ተዋሐዱ ካልክ ቀድሞ ተለያይተው ነበር ወደሚል ይወስድሃል።

ሂላል_7

ይሄ ለኔ አዲስ ነው። ሹክረን።

አዲስ_ተማሪ

ለኔም አዲስ ነው፤ እኔ ደግሞ ክርስቲያን ነኝ። ዝም ልበል።

ብራና

እንደ ቃሌ መጣሁ። የሁለቱ ሰ ነገር።

ሥላሴ የሚለውን ቀስ ብላችሁ ጻፉት። መጀመሪያ ሥ፣ ንጉሡ ሠ። ቀጥሎ ላ። መጨረሻ ሴ፣ እሳቱ ሰ። አንድ ቃል ውስጥ ሁለቱም ሰ አሉ። «ሠለስቱ»ም፣ የግዕዙ ሦስት፣ እንደዚሁ ነው። ዛሬ በአማርኛ ሁለቱም አንድ ድምፅ ስለሆኑ «የጸሐፊ ፍልስፍና ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። በጥንት ጊዜ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ።

ዕብራይስጡን እዩ፦ ሻሎሽ። መጀመሪያውም መጨረሻውም ሽ ሆኗል። ዐረብኛውም ሂላል እንዳለው በሁለቱም ቦታ ያው የጥርስ ድምፅ ነው። አንደኛው ሌላውን ጎትቶ ወደ ራሱ አምጥቶታል። ግዕዝ ግን ሁለቱን ለይቶ አቆያቸው። የጥንቱ የደቡብ ዐረቢያ የድንጋይ ጽሑፍም በቀደመው መልኩ ሦስትን ሲጽፍ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል ይለያያሉ። ስለዚህ «ስላሴ» ብሎ የጻፈ ሰው ኃጢአት አልሠራም፤ ግን ብዙ ሺህ ዓመት የተጓዘ ልዩነት ጣለ። የኛ «ሦስት» ደግሞ ላን ከመሐል ውጦታል። ትግርኛ «ሠለስተ» ብሎ እስካሁን ይዞታል፤ ማክሰኞንም «ሠሉስ» ይላል፣ ሦስተኛው ቀን።

የድንጋይ ጽሑፍ ካነሣሁ አይቀር፣ ንጉሥ ዒዛናን ልጥቀስ። 4ኛው መቶ ዓመት። በግዕዝ ባስጻፈው ላይ «እግዚአ ሰማይ» ይላል፣ የሰማይ ጌታ። እዚያ ሦስትነት አይታይም። በግሪክኛ ባስጻፈው ሌላ ድንጋይ ላይ ግን በእግዚአብሔር እምነት፣ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ብሎ ይጀምራል። ያው ንጉሥ፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት አነጋገር። እኔ እንደሚመስለኝ የግዕዙን ጽሑፍ የሚያነበው የአገሩ ሰው ገና ብዙው አልተጠመቀም። ለእሱ «የሰማይ ጌታ» ይበቃል። ግሪኩን የሚያነበው ከባሕር ማዶ የመጣ ክርስቲያን ነው፤ እሱ ሙሉውን ይጠብቃል። ይሄ የኔ ግምት ነው፤ ተቃውሞ ያለው ይምጣ።

ነቍጥ

ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። አንድ ጥያቄ አለችኝ። ለምን «ቅድስት ሥላሴ» በሴት? አብም ወልድም እያሉ።

ዕዝል

ሁለት መልስ አለው። ሊቃውንቱ እናት ልጇን እንደምትወልድና እንደምትራራ፣ ሥላሴም ፍጥረትን አስገኝተዋልና፣ ይራራሉና በእናት አንቀጽ ተጠሩ ይላሉ። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው።

ብራና

ሁለተኛው የሰዋስው ነው። በግዕዝ እንዲህ ያለ ረቂቅ ስም በሴት አንቀጽ መሄዱ የተለመደ ነው። የግሪኩ ትሪያስም፣ የላቲኑ ትሪኒታስም አንስታይ ናቸው። በወንድ ለመጥራት ከተፈለገ «ሥሉስ ቅዱስ» አለ፤ ልዩ ሦስት የሆነ ቅዱስ። ሁለቱም ቅዳሴው ውስጥ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ማንም አይጣላም።

ነቍጥ

በአማርኛ ደግሞ በሴትም በወንድም አንልም። «ሥላሴ ይጠብቁህ» ነው የምንለው። ብዙ ቁጥር። እዚህ ላይ ሦስቱ አሸነፉ ማለት ነው?

ከርሞ_ጥጃ

ጨዋታው 3 ለ 1።

አዲስ_ተማሪ

ይቺን ጥያቄ እናቴ ጋ ወሰድኳት። ስልክ ደውዬ «እማዬ፣ ሥላሴ ይጠብቁህ ስትዪኝ ለምን ይጠብቁህ ትያለሽ? አንድ አምላክ አይደለም ወይ?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አያትህን እሳቸው እያልኩ ነው ያሳደግኩህ፤ አያትህ ስንት ነበሩ?» አለችኝ።

«አንድ» አልኩ።

«እንግዲያውስ ደግመህ ሠልሰህ አትጠይቀኝ፤ ሥራ ይዣለሁ» ብላ ዘጋችው።